ሐምራዊ አውራ ጣት

መጀመሪያ ያየሁት አውራ ጣቱን ነው። ሌሎች ሴቶች ዓይኑ፣ ቁመቱ፣ ፈገግታው ይላሉ። እኔ ያየሁት የቀኝ እጁን አውራ ጣት ነው፤ እሱንም ወረቀት ላይ፣ ሐምራዊ ሆኖ።

ያኔ የአንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ነበርኩ። ብልቃጡን፣ ቱቦውን፣ መስፈሪያውን በሳሙና አጥባለሁ፣ በቧንቧ ውሃ አለቀልቃለሁ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ። ሁለት አይደለም፤ ሦስት። የማጠቢያ ገንዳው ከክፍሉ በስተኋላ፣ መስኮቱ ሥር ነው። ተማሪዎቹ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው፣ ጀርባቸውን ወደኔ አድርገው ይቀመጣሉ። እኔም በጀርባቸው በኩል ሦስት ዓመት ሙሉ ተማርኩ፤ መቅረት የለ፣ ማርፈድ የለ።

እሱ አዲስ የመጣ ረዳት መምህር ነበር። ቀጭን፣ አጠር ያለ፣ ጋዋኑ ለሌላ ሰው ተሰፍቶ እሱ ላይ የተሰቀለ የሚመስል። በዚያን ቀን የአሚኖ አሲዶችን አለያየት ያሳያል። ነገሩ ቀላል ነው። ፕሮቲን ግድግዳ ቢሆን ጡቦቹ አሚኖ አሲዶች ናቸው፤ ሃያ ዓይነት። የተደባለቁትን ለመለየት ጠብታቸውን ማጣሪያ ወረቀት ጫፍ ላይ ታኖርና ወረቀቱን ፈሳሽ ባለበት ገንቦ መሳይ ብርጭቆ ውስጥ ታቆማለህ። ፈሳሹ ወረቀቱን እየወጣ እነሱንም ይዟቸው ይሄዳል። ውሃ የሚሸሹት ሩቅ ይሄዳሉ፣ ውሃ የሚወዱት መነሻቸው አጠገብ ይቀራሉ። ወረቀቱ ሲወጣ ግን ባዶ ነው፤ ምንም አይታይም። ኒንሃይድሪን የሚባለውን ረጭተህ ምድጃ ውስጥ ስታሞቀው ነው እያንዳንዱ ሐምራዊ ነጥብ ሆኖ ብቅ የሚለው።

ከምድጃው አወጣና ለተማሪዎቹ ከፍ አድርጎ አሳየ። ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

«አምስት ነበር የጨመርኩት» አለ ግራ ገብቶት። «ስድስት ወጣ።»

ተማሪዎቹ መሳቅ ጀመሩ። እኔ ምላሴን መያዝ አይሆንልኝም።

«ስድስተኛው አውራ ጣትዎ ነው» አልኩት ከገንዳው።

ክፍሉ በሙሉ ዞረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፊታቸውን አየሁ። እሱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ጠርዙ ላይ ያለው ነጥብ ክብ አልነበረም፤ በቀጫጭን መስመሮች የተሞላ የጣት አሻራ ነው፣ መሐሉን አንድ ነጭ ሰረዝ አቋርጦታል። ጣቱን አየ። ብርጭቆ የቆረጠው የድሮ ጠባሳ እዚያው ነበር።

«በባዶ እጅዎ ይዘውታል» አልኩ። «ላብም አሚኖ አሲድ አለው። ኒንሃይድሪን ደግሞ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ያገኘውን ሁሉ ሐምራዊ ያደርጋል።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ፈገግ አለ።

«ሁሉንም አይደለም። ፕሮሊንስ?»

«ፕሮሊን ቢጫ ነው የሚሆነው፤ አውቃለሁ። ጣትዎ ቢጫ ቢወጣ ኖሮ ጉበትዎን ይታዩ ነበር የምልዎት።»

ተማሪዎቹ አስካኩ። እሱም አብሯቸው ሳቀ፤ በራሱ ላይ። ያን ጊዜ ልቤ አንድ ጊዜ ደለቀ። አድሬናሊን ነው ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። አድሬናሊን የሚሠራው ከታይሮሲን ነው፤ ታይሮሲን አንዱ አሚኖ አሲድ ነው፤ እንግዲህ ምን የሚያስደነግጥ ነገር አለ?

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ወደ ገንዳው መጣ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ቅርጫቱ።»

እውነቴን ነበር። ተማሪዎች ማስታወሻቸውን ቀድደው ይጥላሉ፤ እኔ ከቅርጫቱ ለቅሜ ቤት እወስዳለሁ። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። የጨማደዱትን በካውያ ታቃናልኝና በመኪናዋ ዳር ዳሩን ሰፍታ ደብተር ታደርገዋለች። አባዬ ሲሞት አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ትቼ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተማርኩት ሁሉ በእማዬ ክር የተሰፋ ነው። አንዳንዱ ገጽ ላይ የሌላ ሰው የፍቅር ደብዳቤ ይገኛል። እሱንም አንብቤዋለሁ፤ አብዛኛው የፊደል ስህተት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሮሊን እያለ ይጠራኝ ጀመር።

«ከሃያዎቹ ሁሉ ለየት ያለው እሱ ነው» ይላል። «ሰንሰለቱ ውስጥ ሲገባ ሰንሰለቱ ይታጠፍለታል እንጂ እሱ አይታጠፍም።»

«አንተ ደግሞ ግላይሲን ነህ» አልኩት። «ከሁሉም ትንሹ። የትም ጠባብ ቦታ ሹልክ ብሎ የሚገባ።»

«አንተ አልሽኝ» አለ።

አላስተዋልኩም ነበር። እጄ ላይ የነበረውን ብልቃጥ አራተኛ ጊዜ አለቀለቅኩት።

መጽሐፍ ገንዳው ዳር ትቶልኝ ይሄዳል። እኔ አንብቤ፣ ስህተት ያገኘሁበትን ገጽ በእርሳስ ምልክት አድርጌ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስለ አስፈላጊዎቹ ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች ሊያስረዳኝ ሲጀምር፣ ቆጣ አልኩ።

«ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችል፣ ከውጭ በምግብ ካልመጡለት የሚቸገርባቸው። አውቀዋለሁ። ተማሪህ አይደለሁም እኮ።»

«እኔም አስተማሪሽ መሆን አልፈልግም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ቧንቧው ይፈሳል። ሁለታችንም አልዘጋነውም።

ቤት ስገባ እማዬ ከመኪናዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማነው?»

«ማን ማነው?»

«ጋዋንሽን ገልብጠሽ ለብሰሽ ነው በከተማው መሐል የመጣሽው። እኔ እንኳን ባዶ ሆዴን ሆኜ ስፌት አልገለብጥም።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

«እሺ፤ ሥራው ረጅም ነው አጭር?»

«አጭር ነው እማዬ» አልኩና ሁለታችንም ሳቅን።

በዚያው ሰሞን ማስታወቂያ ወጣ። ኮሌጁ ለቤተ ሙከራ ቴክኒሻንነት ስድስት ሰው ያሠለጥናል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ወረቀት የሌለው ሰው ቢኖር የቤተ ሙከራው ኃላፊ ከፈቀዱ ሊፈተን ይችላል፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ከወደቀ አለቀ። ኃላፊዋን ሁላችንም ሚዛን እንላቸዋለን፤ ቃላቸውን እንኳን በግራም የሚያወጡ ሴት ናቸው። ቢሯቸው ገባሁና በእማዬ ክር የተሰፉትን ሰባት ደብተሮች ጠረጴዛቸው ላይ ደረደርኩ።

አገላበጡ። «ይኼ የኔ የዛሬ ሁለት ዓመት ፈተና ነው።»

«አዎ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሁለት ትክክለኛ መልስ አለ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «የጽሑፉን ካለፍሽ ለተግባሩ ትቀርቢያለሽ። አንድ ጊዜ ነው፤ ሰምተሻል?»

የጽሑፉን አለፍኩ። ለተግባሩ ፈተና ዋዜማ እሱ ገንዳው አጠገብ ቆመ፤ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

«ፈተናው ካለቀ በኋላ የምጠይቅሽ ነገር አለ።»

«አሁን ጠይቀኝ።»

«ነገ የፈተናው ጠባቂ እኔ ነኝ። አሁን ብጠይቅሽ አያምርም። ደግሞ ሐሳብሽ ይበተናል።»

«የኔን ሐሳብ የሚበትን ሰው ገና አልተወለደም» አልኩት። ያን ዕለት ማታ ግን የትራሴን ልብስ ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት።

በማግስቱ ስድስት ሆነን ገባን። አምስቱ የመልቀቂያ ወረቀት አላቸው፤ እኔ ጓንት አለኝ። ለእያንዳንዳችን ስሙ ያልተነገረ ቅይጥ በትንሽ ቱቦ ተሰጠን፤ ውስጡ ያሉትን አሚኖ አሲዶች ለይተን መናገር ነው። መነሻውን መስመር በእርሳስ አሰመርኩ፤ ቀለም ያለው እስክሪብቶ ቢሆን ፈሳሹ ይዞት ይሄዳል። ጠብታዬን አኖርኩ፣ አደረቅኩ፣ ወረቀቴን በመቆንጠጫ ሰቅዬ ብርጭቆው ውስጥ አቆምኩና ከደንኩት። ከዚያ ፈሳሹ እስኪወጣ ሁላችንም ለምሳ ውጡ ተባልን። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ጠባቂው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል፣ ክዳን የሚከፍት ግን ማንም የለም።

ከምሳ ስንመለስ ወረቀቴን አወጣሁ፣ አደረቅኩ፣ ረጨሁ፣ ምድጃ ውስጥ አስገባሁ። አምስት ነጥብ ወጣ፤ አራቱ ሐምራዊ፣ አንዱ ቢጫ። አስቀድሞ ከተሰጠን የታወቁ አሚኖ አሲዶች ወረቀት ጋር አመሳከርኩ። ሁሉም ልክ ነው። ደስታዬ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር፣ ሚዛን ከኋላዬ መጥተው ጣታቸውን ወደ ወረቀቱ ላይኛው ጠርዝ እስኪያመለክቱ ድረስ።

«ይኼስ?»

ሐምራዊ አሻራ። መሐሉን ነጭ ሰረዝ ያቋረጠው።

ማንም እስኪነግረኝ አልጠበቅኩም። ያንን ጣት እዚህ ክፍል ውስጥ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም።

«የራስሽ ከሆነ ነጥብ ቀንሼ አሳልፍሻለሁ» አሉ ሚዛን፤ ዓይናቸውን ከፊቴ ሳያነሱ። «የሌላ ሰው ከሆነ ወረቀቱ ዋጋ የለውም።»

መንገዱን ከፈቱልኝ እኮ። አንዲት ቃል ነበረች፤ የኔ ነው ማለት። ግን ሌላውን በክፍሉ ሁሉ ፊት በባዶ እጅዎ ይዘውታል ብዬ፣ እኔ በባዶ እጄ ነካሁ ልበል? ከመውደቁ ይልቅ ይኼ ነው ያንገበገበኝ።

«እኔ ወረቀት በባዶ እጄ አልነካም» አልኩ።

በዚያው ቅጽበት እሱ ከበሩ በኩል «የኔ ነው» አለ።

ወደ ፊት መጥቶ አውራ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። አላየኝም። እኔም አላየሁትም።

«ለምን ነካኸው?» አሉ ሚዛን።

«መቆንጠጫው ሸርተት አለ። ወረቀቱ ፈሳሹ ውስጥ ሊወድቅ ነበር። ያዝኩት፣ መልሼ ሰቀልኩት። ሌላ ምንም አላደረግኩም።»

«ሕጉን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ውጣና ቢሮዬ ጠብቀኝ።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺም ጨርሰሻል።»

«አልጨረስኩም» አልኩ።

«ወረቀቱን የነካው ሌላ ሰው ነው፣ እኔ አይደለሁም። ወረቀቱ ይጣል እንጂ እኔ ለምን እጣላለሁ? ሌላ ቅይጥ ይስጡኝ። የሚከብድ ይሁን። እርስዎ ራስዎ ወንበር ስበው አጠገቤ ይቀመጡ።»

ሚዛን ለረጅም ጊዜ መዘኑኝ።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት» አሉ። «ሰባት አለው።»

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ይቅርታ፣ እኔ…»

«አሁን አይደለም» አልኩና አልፌው ሄድኩ። ካልተቆጣሁ አለቅስ ነበር፤ መቆጣቱ ይሻላል።

በማግስቱ ሚዛን እውነትም ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ወረቀቴን አቆምኩ። መቆንጠጫውን ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት። ፈሳሹ እስኪወጣ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዝም ብለን አልተቀመጥንም።

«በጎን ሰንሰለታቸው ክፈያቸው።»

«ውሃ የሚሸሹ፣ ውሃ የሚወዱ ግን የኤሌክትሪክ ሙል የሌላቸው፣ አሲድ ባሕርይ ያላቸው፣ ቤዝ ባሕርይ ያላቸው» ብዬ እየቆጠርኩ በየወገናቸው ስማቸውን ጠራሁ።

«ለግንባታ ብቻ ነው የሚያገለግሉት?»

«አይደለም። ከትሪፕቶፋን ሴሮቶኒን ይሠራል፣ ከታይሮሲን አድሬናሊን፣ ከግላይሲን ደግሞ…» ቆም አልኩ። ስሙን መጥራት ከበደኝ። «ከግላይሲን ደግሞ የደም ቀዩ ነገር ይጀምራል።»

«ከሚያስፈልገን በላይ ብንበላስ? ሰውነት የት ያስቀምጠዋል?»

«የትም። ለስኳር ማስቀመጫ አለው፤ ለስብም አለው። ለአሚኖ አሲድ ግን ጎተራ የለውም። ያልተጠቀመበትን ያፈርሰዋል። ናይትሮጅን ያለበት ክፍል ይነሳና አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ ደግሞ አንጎል ይመርዛል። ጉበት ቶሎ ብሎ ዩሪያ ያደርገዋል፣ ኩላሊት ያስወጣዋል። የቀረው አጥንቱ ይነድዳል፣ ወይ ስኳር ወይ ስብ ይሆናል።»

እየመለስኩ ሳለሁ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ። ጎተራ የለውም። እኔስ ለማን ብዬ ነው ለሱ ያለኝን ስሜት ስንት ወር ሙሉ ይዤው የምዞረው? የሚቀመጥ መስሎኝ ነው? ሳልጠቀምበት እየፈረሰ፣ መራራ እየሆነ።

ወረቀቱ ወጣ። ረጨሁ፣ አሞቅኩ። ስድስት ነጥብ። ላይ ላይኛው ግን ወፍራም ነው፣ ትንሽ ዘርዘር ያለ። የቀሩትን አምስቱን ስም ሰጠኋቸው። ሰባተኛው የት ሄደ? ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት።

«እሺ?» አሉ ሚዛን። «ላይኛው ምንድነው?»

ሊውሲን ማለት እችል ነበር። ሊውሲንና አይሶሊውሲን አብረው ናቸው ማለትም እችል ነበር፤ ሰባት አለው ብለውኛል፣ ግምቱ አያስቸግርም። ሁለቱ አንድ ዓይነት አቶሞች ያሏቸው፣ አቀማመጣቸው ብቻ የሚለይ ወንድማማቾች ናቸው፤ በዚህ ወረቀት ላይ ተቃቅፈው ነው የሚሄዱት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቃል አልከበደኝም።

«አላውቅም» አልኩ። «ሊውሲን ሊሆን ይችላል፣ አይሶሊውሲንም፣ ሁለቱም። ይኼ ወረቀት አይለያቸውም። ሌላ ፈሳሽ፣ ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ሰባት ነው ስላሉኝ ሁለቱም ናቸው ብዬ መገመት እችላለሁ፤ ግን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት እንጂ ወረቀቱ አይደለም።»

ሚዛን መነጽራቸውን አወለቁ፣ በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«አሥራ አንድ ዓመት ፈትኛለሁ» አሉ። «አላውቅም ያለኝ ሰው አልነበረም። ሰኞ ትጀምሪያለሽ።»

አልጮህኩም። ጓንቴን አወለቅኩ፣ አጣጠፍኩ፣ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ፣ እንደ ሞኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው እንደነበር ጋዋኑ ላይ ያለው የግድግዳ ኖራ ይመሰክር ነበር። ከሱ አንድ ደረጃ ከፍ ብዬ ቆምኩ።

«አለፍኩ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ተመስገን።»

«ወረቀቱ ቢወድቅስ ኖሮ ምን ነበረበት? እንደገና እሠራው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ለምን ነካኸው? አዘንክልኝ?»

«አላዘንኩልሽም» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አንቺ እንደምትችይ እኔ አውቃለሁ። እጄ ግን አያውቅም። ሸርተት ሲል አየሁ፣ እጄ ቀድሞኝ ሄደ። ሳልመልሰው ነካው። ይኸው ነው።»

ቀስ ብዬ እሱ የተቀመጠበት ደረጃ ላይ ወረድኩና ተቀመጥኩ።

«ሚዛንስ ምን አሉህ?»

«ዘንድሮ ፈተና አልጠብቅም። አንድ ወር ደግሞ…» ሊስቅ ፈለገና ያዘው። «አንድ ወር ያንቺን ገንዳ እኔ ነኝ የማጥበው።»

«ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ» አልኩ ወዲያው።

«ሦስት ጊዜ።»

«የምጠይቅሽ ነገር አለ ብለህ ነበር።»

የጠባሳውን ጣት በሌላኛው እጁ ሸፈነው። «እናትሽ ዘንድ መምጣት እፈልጋለሁ። በወግ፣ ሰው ይዤ። ምን ትያለሽ?»

በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ያንን ቃል ማለት ለኔ ብዙ ነው። እውነተኛው ግን እሱ ነበር።

«ዛሬ አላውቅም» አልኩት። «ተናድጄብሃለሁ፣ ደስም ብሎኛል፤ ሁለቱ ተደራርበው ነው የወጡት። እስኪለያዩ ጊዜ ስጠኝ።»

«እጠብቃለሁ» አለ።

ወሩን ሙሉ አጠበ። እኔ አዲሱን ጋዋኔን ለብሼ ከፊት ረድፍ እቀመጣለሁ፤ ጀርባዬን ለሱ ሰጥቼ። መሐል መሐል ላይ «ሁለተኛው ነው፣ ሦስተኛው ቀርቷል» እላለሁ ሳልዞር፤ የውሃውን ድምፅ ስለማውቀው። ተማሪዎቹ ሲስቁ እሱ «እሺ እመቤቴ» ይላል። አንድም ቀን አላኮረፈም። አንድም ቀን ምን ወሰንሽ ብሎ አልነዘነዘኝም። የገንዳውን ብልቃጦች ከኔ ይልቅ እሱ አጥርቶ ያጥባቸው ጀመር፤ ይህን ግን አልነገርኩትም።

ንዴቱ በሁለተኛው ሳምንት ፈረሰ። ጎተራ የለውማ። ሌላኛው ግን አልፈረሰም።

በመጨረሻው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎቹ ወጥተው ፀሐይዋ መስኮቱን አልፋ ገንዳው ላይ ስታርፍ፣ የመጨረሻዋን ብልቃጥ እስኪደፋ ጠበቅኩት። እጁን አደረቀ። መዳፍ የምታህል ማጣሪያ ወረቀት በመቆንጠጫ ይዤ ሰጠሁት። ነጭ ናት፤ ምንም የለባትም።

«ምንድነው?»

«ምርመራ ነው። ርጨውና አሙቀው።»

ጓንት አጠለቀ፤ ያንንስ ተምሯል። ረጨ። ምድጃው ውስጥ አስገባ። ጎን ለጎን ቆመን በመስታወቱ አየን፤ ትከሻው ትከሻዬን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ቀላ ያለ ጭጋግ፣ ከዚያ ቀጫጭን መስመሮች፣ እየጠቆሩ፣ እየጠሩ። ሐምራዊ አውራ ጣት። ሰረዝ የለውም፤ ሙሉ ነው።

ወረቀቱን አውጥቶ ረጅም ጊዜ ያዘው። ጣቱን አየ፤ ከዚያ ያንን አሻራ፤ ከዚያ እኔን።

«የማን ነው?» አለ።

«ወረቀት በባዶ እጇ የማትነካ አንዲት ሴት ናት» አልኩት። «እሑድ ከሰዓት እማዬ መኪናዋን ትዘጋለች። ሰው ይዘህ ና። አጭር ነው ብያታለሁ፤ እንዳትደነግጥ።»

ሳቀ። ጓንቱን አወለቀ፣ እኔ በወረቀቱ ላይ ጣቴን ካሳረፍኩበት አጠገብ የሱን አውራ ጣት ቀስ ብሎ ጫን አደረገ፤ መርጫውንም አቀበለኝ።

«እንግዲህ እንደገና አሙቂው» አለ።

አሞቅኩት። አሁን እማዬ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ዳር ዳሩን በመኪናዋ ሰፍታዋለች። እንግዳ ሁሉ ምንድነው ይላታል። ልጄ ተፈትና ያለፈችበት ነው ትላለች። አላርማትም።